ሸራዋን መሸጥ

ገዥ ተብሎ የመጣው ሦስተኛው ሰው ከመኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገብቶ ብዙ ቆየ። ብርቅዬ የሱቋን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች ጫማውን ብቻ ታያለች። በስተመጨረሻ አቧራውን እያራገፈ ወጣና፣

«በኪሎ ከሆነ እንነጋገር» አላት።

«በኪሎ? ሥጋ መሰለችህ?»

«ኧረ እህቴ፣ ብረት ናት እኮ።»

በሩን አሳየችው።

ብርቅዬ አረጋ ላሊበላ ውስጥ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያላት፣ አርባ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት ናት። ቁጣዋ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይበርዳል ይሏታል፤ በዚያ ክረምት ግን መምጣቱን እንጂ መብረዱን ያየ የለም። ሰበቡ በግቢዋ የቆመችው አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ሲፈለግ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ይታሰራል፣ ሲፈለግ በቅስት ብረቶች ላይ ይዘረጋል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሸራዋ» የሚላት ለዚህ ነው።

አባቷ አቶ አረጋ በወጣትነታቸው የአንድ ማረፊያ ቤት ሾፌር ነበሩ፤ እንግዳ የሚያመላልሱት በእሷ ነው። እንግዳ ሲጠፋ ባለቤቱ ሸጠላቸው። ከዚያ ወዲያ ሸራዋ ያልገባችበት ጉዳይ የለም። ሙሽሮች ቆመው ሄደውባታል፤ ምጥ የያዛት ሴት ከሙጃ ስትመጣ መንገድ ላይ ተገላግላባታለች። አንድ አዛውንት ቄስ ነፋሱ ጥምጥማቸውን ወደ ገደል ከወሰደባቸው ወዲህ፣ «ሸራውን ካልዘረጋህ አልሳፈርም፣ አረጋ» ይሉ ነበር። በብርቅዬ ሠርግ ቀን ደግሞ ዝናብ ጣለ። አባቷ «ሙሽራ እንዴት ትሸፈናለች?» ብለው ክፍቷን ነዱ፣ ብርቅዬም በስብሳ ገባች። ያን ቀን አልቅሳ ነበር፤ አሁን ስታወራው ግን ትስቃለች።

አባቷ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ መጣና ሸራዋ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ቀረች። ትሸጥ ያለ ግን አልነበረም። ኋላ የመንገዱ ማስፋፊያ አጥሩን አራት ሜትር ወደ ውስጥ ሲገፋው የምትቆምበት ቦታ ጠፋ። እስከ መስከረም መጨረሻ መነሣት ነበረባት።

ወንድሟ ምሥጋናው ከአዲስ አበባ ደወለ።

«የአባባን መኪና ልትሸጪ ነው አሉ?»

«አዎ።»

«ብርቅዬ፣ ቅርስ እኮ ናት! እንዴት እጅሽ ይታዘዝልሻል?»

«እንግዲያው ናና ውሰዳት።»

«እኔማ የት አቆማታለሁ? ያለሁት ኮንዶሚኒየም።»

«እኔስ? ራሴ ላይ ልሸከማት?»

«ብቻ አትሽጫት» ብሎ ዘጋው።

ከተማውም እንደ ወንድሟ ነበር። ኮፒ ሊያደርግ የመጣ ሁሉ፣ «ሸራዋን? ኧረ ነውር ነው!» ይላታል። ልግዛት የሚል ግን አንድ አልተገኘም።

ነሐሴ ላይ ኢያቄም የሚባል፣ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ሸራዋን እንዳየ ፊቱ በራ። በእጁ እየዳበሰ ሁለት ጊዜ ዞራትና፣ «ሸራውን የሚሸከሙት ቅስቶችስ?» አለ።

ብርቅዬ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ብረቶቹን የት አደረጓቸው?»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለዶሮ ቤቱ ነዋ! ዶሮ ሜዳ ላይ ይደር?»

ብርቅዬ ራሷ መዶሻ ይዛ ዶሮ ቤቱን አፈረሰችው። ዶሮዎቹ ግቢውን በጩኸት አናወጡት፤ እናቷም ከደጃፉ ቆመው፣ «መኪና ለመሸጥ ብለሽ ቤት አፍራሽ ሆንሽ!» አሏት። አራቱንም ቅስቶች አውጥታ፣ ኩሱን በሳሙና አሽታ አጥባ አቀረበች። ኢያቄም ደስ ብሎት ገጠማቸው። ከዚያ ሊብሬውን ተቀብሎ ኮፈኑን ከፈተ፣ በእጅ ባትሪ እያበራ ቁጥር አነበበ። መልሶ አነበበ።

«የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አይገናኝም።»

አቶ አረጋ ከሠላሳ ዓመት በፊት ደሴ ሄደው ሞተር አስቀይረው ነበር። አላስመዘገቡትም። «ተነሣች ወይ? ተነሣች። ታዲያ ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ሰው ነበሩ። ኢያቄም ግን የሚፈልገው ከፋብሪካ እንደወጣች ያለችውን ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ በማግሥቱ ተመለሰ።

ብርቅዬ የሾፌሩ ቦታ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ አንዲት ወረቀት ቢያስቀምጡልኝ ምን ነበረበት!» ብላ መሪውን በመዳፏ መታችው። ጡሩምባው እንኳ አልጮኸላትም።

እውነተኛው ገዥ የተገኘው ከፍላቂት ነው። ከፋለ ይባላል፣ ገብስ ነጋዴ ነው። ስለ ቅስቱም ስለ ቁጥሩም አልጠየቀም፤ ይዞት የመጣውን ባትሪ ገጥሞ አስነሣት። ሸራዋ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሣች።

ብርቅዬ የቁጥሩን ነገር ስትነግረው፣ «የሞተሩን ጉዳይ አብረን እንጨርሰዋለን» አላት።

ጨረሱት፤ ግን እንዴት! ብርቅዬ ሱቋን እየዘጋች ወልድያ ተመላለሰች። የወራሽነት ማስረጃው ሲገኝ የምሥጋናው ውክልና የለም፤ ውክልናው ሲመጣ የአባቷ ስም በአንዱ ወረቀት «አረጋ»፣ በሌላው «አረጋው» ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ከቢሮው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚው እያያት፣ ጮክ ብላ ሟች አባቷን ተቆጣች።

መስከረም መጨረሻ ከፋለ ሊወስዳት መጣ። በመጀመሪያ ያደረገው ቅስቶቹን ነቅሎ መሬት ላይ መደርደር ነበር።

«እነዚህ ይቅሩልሽ። እኔ ቆርቆሮ ነው የማስበይድላት።»

«ቆርቆሮ? ሸራዋን?»

«ገብስ ዝናብ አይወድም፣ እህቴ።»

ብርቅዬ አፏን ከፈተች፤ ውሉ ግን ተፈርሟል። ሸራዋ ከበሩ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ አለቀሰ። ብርቅዬ ግን ከእንባቸው ይልቅ በክረምቱ አንድ ገዥ ቢያመጡላት ትወድ ነበር።

ኅዳር ላይ ለሱቋ ወረቀት ልትገዛ ስትሄድ ሚኒባሱ ጋሸና ላይ ለምሳ ቆመ። ከአንዱ ምግብ ቤት ፊት ሸራዋን አየቻት፤ ቆርቆሮ ደፍታ፣ ጆንያ እስከ አፏ ተጭኖባት። ከፋለ እጁን እየጠረገ ከምግብ ቤቱ ወጣና መኪናዋ ውስጥ ካልገባሽ ብሎ ያዛት። ገባች። ቀና ስትል ራሷን ብረት ነካት፤ ዱሮ ከዚያ የሚታየው ሰማይ ነበር።

«ከገዛኋት ወዲህ አንድ ቀን አቁማኝ አታውቅም» አላት።

«አበላሸሃት።»

«ምኗን?»

«ሁሉ ነገሯን።»

ከፋለ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የሚኒባሱ ረዳት ሲጠራት ወረደች። በሩን ስትገፋው አልገጠም አላት። ትንሽ ወደ ላይ አነሣችና ዘጋችው፤ ያለድምፅ ገጠመ።

«እኔን እኮ ሁለት ወር ሙሉ ሲታገለኝ ነበር!» አለ ከፋለ ከኋላዋ።

«አንሥተህ ነው» አለችው ሳትዞር።