ያዘነበለው ጠረጴዛ

የልጄ እርሳስ ከጠረጴዛው ተንከባሎ ወደቀ። ድምፁን አወቅኩት።

በልጅነቴ ኮልፌ የተከራየነው ቤት ወለሉ ወደ በሩ ያዘነብል ነበር። የቤት ሥራ ስሠራ እርሳሴ ከዚሁ ጠረጴዛ ላይ እየተንከባለለ ያስለቅሰኝ ነበር። አንድ እሁድ አባቴ ጠረጴዛው ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠ። ውሃው እኩል እስኪሆን ከእግሮቹ ሥር ጠጠር ወተፈ፤ ከዚያ እያንዳንዱን እግር በወለሉ ዝንባሌ ልክ አስምሮ በእጅ መጋዝ ቆረጠው።

«ወለሉን ብታቃናው አይሻልም?» አለችው እማዬ።

«ወለሉ የሰው ነው፤ የኛ እንጨቱ ነው» አላት።

አልገባኝም። እርሳሴ ግን መውደቁን ተወ።

«እማ፣ ጠረጴዛው ጠማማ ነው!» አለች ልጄ የወደቀ እርሳሷን እያነሳች።

የኮልፌው ቤት ፈርሷል፤ አሁን ቤቴል፣ ወለሉ በተስተካከለ በራሳችን ቤት ነን። ካርቶን አጥፌ ከእግሩ ሥር እየከተትኩ፣ «አያትሽ ልክ ነው የቆረጡት» አልኳት። «ያ ወለል ነው የጠፋው።»