ከኦቦክ ባሕር የመጣችው ማጣሪያ

ማክዳን የሚያውቃት ሁሉ በሥራዋ ይቀልድባት ነበር። ባሕር የሌለው አገር ተቀምጣ የባሕር ውሃ ትመረምራለቻ! የፒያሳ ልጅ ደግሞ አፉን መች ይይዛል፤ ገና ከበር ብቅ ስትል «ማኩ፣ ዛሬስ ዓሣ ነባሪ አልያዝሽም?» ይላታል። እሷም የዋዛ አይደለችም። «ይዤ ነበር፤ አንተን መስሎኝ ለቀቅሁት» ብላው ታልፋለች።

ሥራዋ ግን ቀልድ አልነበረም። ስድስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ ነው የምትሠራው። ባሕር ውስጥ ያለ ፍጡር ሁሉ በሄደበት ቅርፊቱን፣ ልጋጉን፣ ቆሻሻውን ጥሎ ያልፋል። ውሃው እንደ ስስ ወረቀት ባለች ማጣሪያ ላይ ይጣራና፣ ማጣሪያዋ በበረዶ ታሽጋ አዲስ አበባ ትመጣለች። ማክዳ ከእሷ ላይ ዲኤንኤውን ታወጣለች፤ በዚያ ውሃ ማን እንዳለፈ የሚናገረው እሱ ነው። አርኤንኤ የሚባለውንም ታወጣለች፤ እሱ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ ከተገኘ ባለቤቱ በቅርቡ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ታዲያ የዚህ ሥራ ትልቁ ጠላት ሠራተኛው ራሱ ነው። ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ ማንም አይጠጋም። እንዲያም ሆኖ የአንዳቸው ዲኤንኤ ናሙናው ውስጥ ቢገባ እንዲታወቅ፣ የሁሉም ተመርምሮ ተቀምጧል።

ወንድሟን ኤርሚን ባሕር በላው። ካቻምና በጅቡቲ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር ሊሻገር ከኦቦክ ጀልባ ተሳፈረ፤ ጀልባዋ መሐል ባሕር ላይ ተገለበጠች። አብሮት የነበረው ኢርፋን ተርፎ መጣና የሆነውን ሁሉ ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ወልደገብርኤል ነገራቸው። እሳቸውም እንደ ወጉ ሽማግሌዎች አስከትለው በማለዳ መርዶ ሊነግሩ መጡ። እናትየው ወይዘሮ አሰፋች በሩ ላይ ቆመው፣ «ሬሳው የታለ?» አሉ።

«እትዬ አሰፋች፣ ባሕር እኮ ነው…»

«ሬሳ የሌለው ሞት አላውቅም! ልጄ ሲመጣ ይታዘብዎታል፣ ይሂዱልኝ ከደጄ!»

መርዶ ነጋሪ ሲባረር ሰፈሩ ያን ቀን አየ። ድንኳን አልተተከለ፣ ፍትሐት አልተደረገ። ማክዳ እንኳ ዓይኗ እንባ ካዘለ እናቷ «በቁሙ ታሟርቺበታለሽ?» ብለው ይቆጧታል። ወይዘሮ አሰፋች እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው፣ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ብድግ እያሉ፣ ከሰውነት ተራ ወጡ። ማክዳ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቷ አልቅሰው እንዲወጣላቸው።

ዘንድሮ አንድ የበረዶ ሳጥን መጣ። የዓሣ ጥናት ነው። ማጣሪያዎቹ ላይ የተጻፈው የባሕር ዳርቻ ስም ግን ኦቦክ ይላል። ማክዳ የባሕር ውሃ የሰውን ርዝራዥ ከጥቂት ቀናት በላይ እንደማያቆይ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ካቻምና የሄደማ የት ይገኛል! ግን እህት ናትና ልቧ መች ይሰማል? ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ጠዋት ጠዋት በጊዮርጊስ በር ስታልፍ እንደምታደርገው፣ ሳይታወቃት ጓንቷን አወለቀች፣ መሸፈኛዋን ዝቅ አደረገች፣ አንዷን ማጣሪያ በግንባሯና በከንፈሯ አስነክታ ተሳለመቻት። «ወንድሜን» አለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሥራዋን ቀጠለች።

ውጤቱ ሲመጣ የዚያች ማጣሪያ ናሙና የሰው ዲኤንኤ አለበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የነካካው ሰው ነው ተብሎ ይተዋል። እሷ ግን ከእናት ወደ ልጅ የሚወርደውን ክፍል ብቻ ነጥላ ከራሷ ጋር አስተያየችው። አንድ ነው! የአንድ እናት ልጆች ደግሞ በዚህ አይለያዩም። አይ ማክዳ! ያንቺው ዲኤንኤ እዚያ የተቀመጠው ለምን ሆነና? ያን ጊዜ ግን ይህን የምታስብበት ልብ አልነበራትም። የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ፒያሳ ድረስ እየሮጠች ወረደች።

«እማዬ፣ ኤርሚ ተገኘ። ባሕሩ ውስጥ ነው ያለው። እኔው ነኝ ያገኘሁት፣ በገዛ እጄ።»

ወይዘሮ አሰፋች መጀመሪያ አፈጠጡባት። ከዚያ ሰፈሩን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኹ። ጎረቤት ግር ብሎ ገባ፣ አቶ ወልደገብርኤል ድንኳን አስተከሉ፣ ንፍሮ መጣ፣ ካህናት ፍትሐት አደረሱ። «ልጄን ጨው ውሃ አጠጡብኝ!» እያሉ እናት ደረታቸውን ደቁ። ማክዳም ያፈነችው ሁሉ ወጣላት፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ያን ዕለት ወይዘሮ አሰፋች እህል ቀመሱ፣ እንቅልፍም ወሰዳቸው።

የማክዳ አለቃ አርሴማ ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው በማግስቱ ነው። እናትየው ማክዳ ኤርሚን ከባሕር ውሃ እንዴት እንዳገኘችው ለለቀስተኛው ሲናገሩ ሰማች። ደነገጠች። ማክዳን ወደ ጓሮ ይዛት ሄደች።

«ማክዳዬ፣ ያን ናሙና ሙሉውን አይቼዋለሁ። የሴት ነው። ከላይ እስከ ታች ያንቺ ነው። በባዶ እጅሽ ነክተሽዋል?»

ማክዳ ከንፈሯን በእጇ ሸፈነች።

ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ብዙ ሰው ዝም ይል ነበር። እሷም ዝም ልትል ወስና ተመልሳ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ወይዘሮ አሰፋች ግን እጇን ያዙና፣ «ልጄ፣ ያችን ያገኘሽበትን ነገር አምጪልኝ። ትንሽም ብትሆን ከአባቱ ጎን አፈር ትልበስ» አሏት። እንግዲህ ምን ታድርግ? በወንድሟ ስም ራሷን ትቅበር?

«እማዬ፣ እሱ አይደለም» አለች። «የተገኘው የኔው ነው። ነክቼው ነው፤ ተሳስቼ ነው።»

ማክዳ ስድቡን፣ እርግማኑን ጠበቀች። ወይዘሮ አሰፋች ግን ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ፊታቸው በራ።

«ኤርሚ አይደለም?»

«አይደለም፣ ግን እማዬ…»

«ተመስገን! እኔስ ብዬ ነበር፣ ልጄ አልሞተም!» ጥቁር ሻሻቸውን ከራሳቸው ላይ ፈተው ወረወሩ። ለቀስተኛው ንፍሮውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። «አቶ ወልደገብርኤል፣ ይንቀሉልኝ ይህን ድንኳን! ምን ሟርት ነው!»

ማክዳ «ሞቷል፣ ኢርፋን በዓይኑ አይቷል» ልትል ፈለገች። ግን ከእንግዲህ የሷን ቃል ማን ያምናል?

ወይዘሮ አሰፋች ወደ እሷ ዞሩ። ከካቻምና ወዲህ ሲስቁ ያየቻቸው ያን ጊዜ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት። «ያን ጥቁር አውልቂው እንጂ።»

ማክዳ አወለቀች።