ቁጥር አሥራ አራት

ፌዴሬሽኑ ፈርሶ የቢሮው ቋንቋ አማርኛ በሆነባቸው ዓመታት፣ በአሥመራ የቅርስ መዝጋቢ ነበርሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከድንጋይ ዘመን የቀረ መቃብር አለ፤ ትልቅ የድንጋይ ቁልል ነው። ዙሪያውን በሽቦ አሳጠርሁ፤ ድንጋዮቹን በሜትር ለክቼ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፍሁባቸው። ከቁልሉ ሥር የነበሩትን ትንንሽ የድንጋይ ክቦችም እንዲሁ ቁጥር ሰጥቼ «ዕድሜያቸው ከዋናው መቃብር እኩል» ብዬ መዘገብሁ። መዝገቡ ፊርማዬን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ጥሩ ሥራ ነበር።

ከወር በኋላ ለቁጥጥር ስመለስ አንዲት ሴት ሽቦውን ይዛ ቆማለች። ከመንደሩ የቀጠርነው ሽማግሌ ዘበኛ ከሩቅ ጮኸ፦

«እንኳን መጡ አለቃ! ይህችን እርስዎ ይገላግሉኝ። የአክስቴ ልጅ ናት፤ እርግማኗ እቤቴ ድረስ ይከተለኛል!»

«ምን ፈለግሽ፣ እኅቴ?» አልኋት በትግርኛ።

«ልጄን።»

ጣቷን በሽቦው መካከል አሾልካ ከትንንሾቹ ክቦች አንዱን አሳየችኝ። ቁጥር አሥራ አራት።

«አርባ ቀኑ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይቀበርም አሉኝ። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ከነዚህ ጥንታውያን ጎን አስተኛሁት። አምና ነው። አንተ ስንት ዓመት ብለህ ጻፍህለት?»

«በሺህ የሚቆጠር!» ብሎ ሳቀ ዘበኛው። ወዲያው አፉን በጋቢው ሸፈነ።

በሽቦው ሥር የሾለከ ፍየል ያፈረሰውን ድንጋይ ልትመልስለት ነበር የመጣችው። ከመዝጋቢው በቀር ማንም እንዳይገባ ደንቡ ይከለክላል። ፈቃድ ልጠይቅላት ብል ምክንያቱን መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱ ከታወቀ ደግሞ የቅርብ ጊዜ መቃብር ሁሉ ተነሥቶ ይወጣል። ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኋት።

ጣቷን ከሽቦው መልሳ ወንድሜ አለችኝ። «እንግዲያው አትጻፈው ሓወይ። እሱ ከሚወጣ እኔ ውጭ ልቁም።»

በሩን ከፍቼ ገባሁ፤ ተንበርክኬ የወደቀውን ድንጋይ አነሣሁ። እሷ ከሽቦው ማዶ ትመራኛለች።

«ወደ ራስጌው። አይደለም፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው። እወ፣ እዚያ። ቁጥሩን ወደ መሬት አዙርልኝ።»

አዞርሁት።

መዝገቡን አላረምሁም። በሥራ ዘመኔ ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ የተውሁት ቃል ያ ብቻ ነው፤ በእርሱ አላፍርም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ተንበርክኬ ሳለሁ በሩ ከኋላዬ ክፍት ነበር፤ ከዘበኛው በቀርም የሚያየን አልነበረም። እሷ ግን ደንቡን ስለነገርኋት ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። እኔም «ግቢ» አላልኋትም።