ወንድምየው ያላመነው ጦርነት

ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ጡረታ የወጡ የኮሌጅ መምህርና ባለቤታቸው ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ሶቭየት ኅብረት ሲማሩ ነው እትዬን ያገቡት። እትዬ ዩክሬን፣ ካርኪቭ ከተማ ተወልደው ባሕር ዳር አርጅተዋል፤ እንደኛው «ሄድሁ» «ሰማሁ» ይላሉ።

ሩሲያ ዩክሬንን የወረረች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት እንዴት አደሩ ልል ጎራ አልሁ። እትዬ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አጠጋግተው ድምፁን ከፍተዋል። ባንዱ እናታቸው ካርኪቭ፣ ከተሸሸጉበት ምድር ቤት ይናገራሉ፤ በሌላው ሞስኮ የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው አለ።

«እኔን አላምን ቢል ከእናቱ አፍ ይስማ ብዬ ነው» አሉኝ።

ቋንቋውን ስለማላውቅ ጋሼ በሹክሹክታ ይተረጉሙልኝ ጀመር።

«ልጄ፣ ያደግህበት ክፍል ግድግዳው ፈርሷል» አሉ እናትየው።

«እማዬ፣ የእኛ ጦር የሰው ቤት አይመታም። ራሳቸው ናቸው የሚተኩሱት።»

«እኔ እዚሁ ነኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ማነው አጠገብሽ ሆኖ እንዲህ በይ የሚልሽ?»

ወዲያው ከእናትየው በኩል የሚያንቀጠቅጥ የፍንዳታ ድምፅ መጣ።

«ቴሌቪዥኑን ቀንሱት» አለ ልጃቸው።

እስከዚያ ቀን ጦርነት የቤተ መንግሥት ሰዎች ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ወደ ጣና ዳር ሲወጡ አብሬያቸው ሄድሁ። ጋሼ ያስተማረቻቸውን ሩሲያን መክሰስ ከብዷቸዋል።

«ጠላት ደጃፌ ደረሰ ብላ ፈርታ ነው ይላሉ» አሉ።

«ያን ሁሉ ታንክ ይዛ እናቴን ነው የፈራችው?»

«ያዘዘው አንድ ሰው ነው። ወንድምሽ ምን ያድርግ?»

«አንድ ሰው ብቻውን አገር አይወርርም» አሉ እትዬ። «የሚተኩስለት አለ። አልተተኮሰም የሚልለትም አለ።»



ፋሲካ ሳይደርስ እናትየው እዚያው ምድር ቤት በብርድ ታመው ዐረፉ። ዕድራችን ድንኳን ተከለ። ለቅሶ ላይ እንዳለን ወንድምየው ለእትዬ ደወለ። ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ከጎናቸው ሆኜ እሰማለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ የእትዬ ፊት አመድ መሰለ።

«ምን አለ?» አልኋቸው ጋሼን።

«‹ለምን ማንም ከዚያ አላወጣትም?› ነው የሚለው።»

እትዬ ስልኩን ለጋሼ አቀብለው ተነሡና ለለቀስተኛው ውኃ መቅዳት ጀመሩ። ሴቶቹ «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ» ቢሏቸውም እንቢ አሉ።