የእትዬ ኣድሓነት ማግኔቶች

እትዬ ኣድሓነት ለንደን ውስጥ ዌምብሊ በሚባል ሰፈር አብረውኝ የሚሠሩ የስልሳ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ሥራችን ከቢሮ ከተጣለ ኮምፒውተር የወጣ ሃርድ ዲስክ በካቻቢቴ መፍታት ነው። ዲስኩ ውስጥ ጎበጥ ያለ የሚያብለጨልጭ ማግኔት አለ፣ እሱን እናወጣለን። ትንሽ ነው፣ ግን ሁለት ከተገናኙ ጣት ይቆነጥጣሉ።

እትዬ አስመራ ነው ያደጉት፣ በአማርኛ ነው የተማሩት። ለንደን መጥተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሮ አጽድተዋል። "ያኔ ምንም ጠይቄ አላውቅም" ይላሉ። እዚህ ግን በመጀመሪያው ቀን አለቃችንን ጠየቁት። ቤንጃሚን ይባላል፣ እዚሁ የተወለደ የሐበሻ ልጅ ነው። እሳቸው ጓድ ነው የሚሉት። ጓድ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ግን ደስ ይለዋል።

"ጓድ ቤንጃሚን፣ ይሄን ቅንጥብጣቢ ማን ነው እንዲህ የሚፈልገው?"

"እትዬ፣ ውስጡ ኒዮዲሚየም የሚባል ሜታል አለ። ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተር፣ ለንፋስ ተርባይን፣ ሁሉም ይፈልገዋል። በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። ሶ፣ እኛ ከአሮጌው እናወጣለን። የእርስዎ ኢርፎን ውስጥም አለ።"

"ወይ ጉድ! መዝሙር የምሰማው በሱ ነው?"

ከዚያ በኋላ አላረፉም። አውቶብስ ሲያዩ፣ ሊፍት ሲገቡ፣ "እዚህስ አለ?" ነው። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ ማናችንም አናውቅም።

ሁለት ዓመት እንደሠሩ ልባቸው አስቸገራቸው። ሁለቴ ራሳቸውን ሳቱ። ሆስፒታል ደረታቸው ውስጥ ፔስሜከር ገባላቸው፣ የልብ ምት የሚያስተካክል ትንሽ ማሽን ነው። ነርሷ ሥራቸውን ስትሰማ ደነገጠች። ኃይለኛ ማግኔት ማሽኑን ስለሚያውከው አጠገቡ እንዳይደርሱ አለቻቸው።

አገግመው ሲመጡ ውጪ በር ላይ ቆሙ። አልገቡም። ቤንጃሚን ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት።

"እትዬ፣ በጣም አዝናለሁ። ሪስክ አሴስመንቱ፣ የአደጋ ግምገማው ማለቴ፣ አይፈቅድም።"

"ልታባርረኝ ነው?"

"ኖ! ግን... ሌላ ሥራ የለኝም።"

"ወደ መጥረጊያዬ ልመለስ ነዋ" አሉና የካፖርታቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጠየቁ፦

"ማግኔቱ ከኛ ጠረጴዛ በኋላ የት ነው የሚሄደው?"

ቤንጃሚን ከግቢው ማዶ ያለውን ክፍል አሳያቸው። "እዚያ ምድጃ አለ። እንዲሁ ለገዢዎቹ ከተላከ እርስ በርሱ እየተጣበቀ፣ ያገኘውን ብረት እየያዘ ያስቸግራል። ስለዚህ ከሦስት መቶ ዲግሪ በላይ እናሞቀዋለን። መሳቡ ይጠፋል።"

"ተበላሸ በለኛ! ታዲያ ምን ሊያደርጉበት ይገዙታል?"

"እነሱ የሚፈልጉት ሜታሉን ነው። አቅልጠው እንደገና ማግኔት ያደርጉታል።"

እትዬ ወደ ምድጃው ክፍል አዩ።

"የማይስብ ከሆነ እኔን ምን ያደርገኛል?"

ቤንጃሚን ግቢውን ተሻግሮ ሄደ። ምድጃው ጋ የቀዘቀዘውን እየለየ የሚያሽገው ተክለአብ ነው። ሙቀቱን እንደሚጠላው ሁላችንም እናውቃለን፣ በየቀኑ ያማርራል። "እኔ ዛሬውኑ እለዋወጣለሁ" አለ ሲጠየቅ።

ቤንጃሚን ግን አልቸኮለም። ለሆስፒታሉ ኢሜይል አደረገ። መለኪያ የያዘ ሰው መጥቶ ምድጃውንም፣ ከምድጃው የወጣውንም አንድ በአንድ ቼክ አደረገ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። እትዬ በየቀኑ ይደውሉልኛል፣ "መልስ መጣ?" በሦስተኛው ሳምንት መጣ። እዚያ መሥራት ይችላሉ፣ ግን በኛ ክፍል በር እንኳን አያልፉም፣ ያልሞቀውም እሳቸው ጋ አይደርስም።

የመጀመሪያ ቀናቸው በምሳ ሰዓት ላያቸው ሄድኩ። ቤንጃሚንም እዚያ ነበር። እትዬ ጓንት አድርገው አንዱን ማግኔት አንስተው ካቻቢቴ ላይ አስጠጉት። ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ። ደገሙት። አሁንም ወደቀ።

"መሳቡ የት ሄደ?"

"ጠፋ፣ እትዬ።"

"መጥፋቱንማ አየሁ። ጠፍቶ የት ሄደ?"

ቤንጃሚን ስልኩን አወጣና ማሽናቸውን እንዳያውክ ራቅ ብሎ ጎግል ማድረግ ጀመረ።

"ቶሎ በላ፣ ጓድ" አሉት፣ "ሥራ አለብኝ።"