ሳላነብላቸው ያስፈረምኩት ማመልከቻ

ማክሰኞ፣ መነሻ

ከቤቴ የወጣሁት ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጄ ኤደን አምስት ዓመቷ ነው፤ ማታውኑ ከነትራሷና ከነሳል መድኃኒቷ ጎረቤቴ ብርቄ ቤት አድርሻት ነበር። ብርቄ ስንሰነባበት "አንቺ ሥራሽን ሠርተሽ ነይ፣ ስለ እሷ አታስቢ" ብላኝ ስለነበር፣ አውቶቡስ ተራ እስክደርስ ድረስ ያሳሰበኝ ልጄ ሳትሆን የረሳሁት የስልክ ቻርጀር ነው።

ሥራዬ ለበጎ አድራጎት ማኅበራት የድጋፍ ማመልከቻ መጻፍ ነው። አስራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። እኔ የጻፍኳቸው አብዛኞቹ ገንዘብ አግኝተዋል፤ ይህንንም ሳልጠየቅ ጭምር የማወራ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ስጽፍ የኖርኩት ባሕር ማዶ ላሉ ለጋሽ ድርጅቶች ነው። ይህኛው ጉዞ ግን ወደ ወላይታ ሶዶ ነበር። እዚያ ነጋዴዎችና የአካባቢው ተወላጆች አዋጥተው ያቋቋሙት የማኅበረሰብ ፈንድ አለ። ለትንንሽ ማኅበራት ድጋፍ ይሰጣል፤ መጻፍ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ የሚያግዝ ሰው ይመድባል። ለእኔ የደረሰኝ ቤሌ የሚገኝ የእናቶች ማኅበር ነበር። በገበያ ቀን የነጋዴ ሴቶችን ልጆች ተቀብለው የሚጠብቁ እናቶች ናቸው። የሚፈልጉት ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጠለያና አንድ መጸዳጃ ቤት ነው። ማመልከቻዎቹ በጉባኤ የሚታዩት ዓርብ ስለሆነ ሦስት ቀን ብቻ ነበረኝ። እኔ ግን አንድ ቀን ይተርፈኛል ብዬ ነበር የተሳፈርኩት።

ቡታጅራ ላይ ለቁርስ ወረድን። ፍርፍሩ ደርቋል፣ ሻዩ ግን ጥሩ ነበር። ከሆሳዕና ወዲያ መንገዱ በእንሰትና በባሕር ዛፍ መሃል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ በየደጁ የተከመረ አቮካዶ፣ ከአህያ ጋር የሚጋፋ ባጃጅ፣ ቀይ አፈር። ሻንቶ ስንደርስ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ "አስር ደቂቃ" ብሎን አርባ ደቂቃ ቆምን። ከመንገድ ዳር በሰማንያ ብር አንድ እስር ሙዝ ገዛሁ። እያገላበጥኩ ስመርጥ ሻጯ አይታኝ "ሁሉም ያው ሙዝ ነው እኮ!" ብላ ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ሶዶ የገባነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን የዳሞታ ተራራን ግማሹን ደመና ሸፍኖት ነበር።

የተቀበሉኝ የፈንዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ወልዴ ናቸው። ስልሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ የቤት ዕቃ መሸጫ አላቸው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የቀሩ አናጢ ነበሩ። ምሳ ሳልበላ መዋሌን ሲሰሙ በቀጥታ ሥጋ ቤት ወሰዱኝ። ቁርጡ ከሙቹዋና ከዳጣ ጋር ቀረበ። ሙቹዋው በቅቤ የታሸ የእንሰት ቆጮ ነው። ዳጣው ደግሞ ከቃሪያ፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት የሚፈጭ ማባያ ሲሆን ዓይንን ያስለቅሳል።

"የእኛ አሠራር ትንሽ ለየት ይላል" አሉኝ። "ማመልከቻውን ለብቻችን ዘግተን አናነበውም። አመልካቾቹ ባሉበት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በወላይትኛም ይተረጎማል። ገንዘቡ የጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ይስማው ብለን ነው።"

"በጣም ጥሩ" አልኩና ዳጣ ጨመርኩ። የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ለደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም።

ረቡዕ፣ ቤሌ

ከሶዶ መናኸሪያ ቤሌ ድረስ ሚኒባስ መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። መንገዱ ወደ ምዕራብ እየወረደ ሲሄድ ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል። ሶዶ ላይ የለበስኩትን ሹራብ መንገድ ላይ አወለቅሁ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር ከከተማዋ መግቢያ ጀምሮ በቆሎ፣ ስኳር ድንችና ዶሮ የያዘ ሰው መንገዱን ሞልቶታል።

የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ አስካለች ከገበያው ጀርባ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ጠበቁኝ። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ረጅም ናቸው፤ ሲያወሩ እጃቸው አያርፍም። ዛፉ ሥር በአራት እንጨት ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተወጥሯል። ከላስቲኩ ሥር በሰሌን ላይ ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት አሉ፤ ግማሾቹ ተኝተዋል፣ ግማሾቹ ጠጠር ይጫወታሉ። ሦስት እናቶች በመሃላቸው ይዘዋወራሉ። በጄሪካን ውሃ፣ በጎድጓዳ ሳህን ሳሙና ተቀምጧል።

አንዲት ጎመን ሻጭ ልጇን ይዛ መጣች። እትዬ አስካለች ከቁራጭ ጨርቅ ላይ ሁለት ክር የሚያህል ቀደዱና አንዱን በሕፃኑ እጅ፣ አንዱን በእናቲቱ እጅ አሰሩ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጨርቅ አለው። ማታ ልጁን የሚወስደው ጥንዱን ያሰረው እጅ ብቻ ነው፤ አባት እንኳ ቢመጣ ያለ ጨርቁ አይሰጠውም።

"ሰባት ዓመት ሠራን" አሉኝ። "አንድ ልጅ አልጠፋም። አንድ ልጅ አልተቀየረም።"

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ምሳ አቀረቡልኝ፤ የተቀቀለ ጎደሬ፣ እነሱ ቦይና የሚሉት። እየበላን ስለ እኔ ጠየቁኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴቱን አንዳንዴ ያቀላቅላል።

"ልጅ አለህ አንቺ?"

"አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።"

"ለማን ሰጠሽ መጣሽ?"

"ለጎረቤቴ።"

"ጥሩ ጎረቤት ነው?"

"በጣም።"

"እሰይ" አሉና የተላጠ ቦይና ጨመሩልኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ጻፍኩ። እጄ መንገዱን ያውቀዋል። መጀመሪያ ችግሩ ይቀመጣል፤ ችግሩ ከባድ ካልሆነ አንባቢ አያዝንም፤ አንባቢ ካላዘነ ገንዘብ የለም። የጨርቁን ነገር ጽፌው ነበር፤ መልሼ ሳነበው አጠፋሁት። ይህን ያህል በሥርዓት ከሠሩ ድጋፍ ለምን ያስፈልጋቸዋል የሚል ሰው ይኖራል ብዬ ነው። ሳሙናውንም አጠፋሁ። ሰባቱን ዓመት አጠፋሁ። በምትኩ ከድሮ ማመልከቻዎቼ የማውቃቸው ዓረፍተ ነገሮች ገቡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩና በራሴ ረካሁ።

ሐሙስ፣ ፊርማ

ጠዋት ቤሌ ባለች አንዲት ጽሕፈት ቤት አሳተምኩት። ስድስት ገጽ ሆነ። እትዬ አስካለች ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ፊደል ይቆጥራሉ፣ ስማቸውንም ይጽፋሉ፤ ስድስት ገጽ አማርኛ ግን ይከብዳቸዋል። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና መለሱልኝ።

"አንብቢልኝ" አሉ።

የሶዶው ሚኒባስ ሞልቶ ረዳቱ ጡሩንባ እያስነፋ ይጠራኛል። ከስድስት ሰዓት በፊት ለኮሚቴው ማስረከብ ነበረብኝ። የሚቀጥለውን መኪና ብጠብቅ እንኳ ይደርስ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜም ሳላውቅ አልቀረሁም።

"እትዬ አስካለች፣ የነገሩኝን ነው የጻፍኩት። ነገ እዚያው ይሰሙታል" አልኳቸው።

አየት አደረጉኝ። ከዚያ በየገጹ ፈረሙ፣ ማኅተሙንም በትንፋሻቸው እያሞቁ መቱበት። "አንቺ የተማረ ነሽ" አሉኝ። እኔም ሮጬ ተሳፈርኩ።

ዓርብ፣ አዳራሹ

ጉባኤው የተካሄደው ሶዶ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ነው። አምስት ማኅበራት ነበሩ። የቤሌ እናቶች ስምንት ሆነው መጥተዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አጥበው ለብሰዋል። ኮሚቴው ፊት ለፊት ተቀምጧል፦ አቶ ወልዴ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ፣ አንድ የእህል ነጋዴና ሌሎች ሁለት ሰዎች። የእህል ነጋዴው ሲገቡ እትዬ አስካለችን "ሳሮ፣ አስካለች!" ብለው በወላይትኛ በስማቸው ሰላም አሏቸው፤ ለካ የቤሌ ደንበኛቸው ናቸው። ያን ጊዜ ነው የጻፍኩትን በልቤ መከለስ የጀመርኩት።

የእኛ ሦስተኛ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ በመልካም ድምፅ ማንበብ ጀመሩ፤ ከጎናቸው የቆመች መምህርት አንቀጽ በአንቀጽ በወላይትኛ ትመልሳለች። የቃላቴን ድምፅ ከሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"በቤሌ ገበያ የሚገኙ እናቶች ስለ ንጽሕናና ስለ ልጅ አያያዝ ግንዛቤ የሌላቸው፣ በድህነት ተስፋ የቆረጡ ሲሆኑ፣ ልጆቻቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ለመሄድ ይገደዳሉ..."

መምህርቷ "ጥለው" የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ እናቶቹ አየች፣ ወደ ወረቀቱ አየች፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመችው። ከኋላ የሌላ ማኅበር ሰዎች ተንሾካሾኩ። አንዷ እናት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ወለሉን አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

እትዬ አስካለች ሳይፈቀድላቸው ተነሱ። በወላይትኛ መናገር ይችሉ ነበር፤ እኔ እንድሰማ በአማርኛ ተናገሩ።

"ይሄ ወረቀት ላይ ያለ ሴቶች እኔ አላውቅም። ማን ነው ልጅ የጣለው? እኛ ነን የምናነሳው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ልጅሽን ለጎረቤት ሰጥተሽ ነው የመጣሽ። ጥላ መጣች ብዬ ለሰው አወራሁ?"

ተነስቼ ስህተቱ የእኔ ነው አልኩ። አሁኑኑ አስተካክዬ እጽፋለሁ አልኩ። አቶ ወልዴም "አንድ ሰዓት እንስጣቸው" ብለው ኮሚቴውን ጠየቁ፤ ነርሷም ደገፏቸው። እትዬ አስካለች ግን አንገታቸውን ነቀነቁ።

"ሰው ሰምቷል። አሁን ገንዘቡን ብንወስድ፣ በዚህ ወረቀት ወሰዱ ይባላል። ቤሌ ትንሽ ከተማ ነው። ወረቀታችንን መልሱልን።"

ስድስቱን ገጽ ተቀብለው አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። ስምንቱም ወጡ። የዚህ ዓመት ድጋፍ ለሌሎቹ ተከፋፈለ። አቶ ወልዴ በር ላይ ሲያገኙኝ አልተቆጡም። "ነግሬሽ ነበር እኮ" ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ እንደገና ቤሌ

ለብርቄ ደውዬ አንድ ቀን ጨምሪልኝ አልኳት። ይቅርታ ሳልጠይቅ መመለስ አልቻልኩም።

ቤሌ ስደርስ የሳምንቱ ሁለተኛ ገበያ ደርቶ ነበር፣ ዝናቡም ጀምሯል። ሰማያዊው ላስቲክ በአንድ በኩል ውሃ አቁሮ ዘምሟል። እናቶቹ ሕፃናቱን ወደ ደረቁ ጥግ እያሸሹ ነበር። እትዬ አስካለች አዩኝና፣ ሰላምታ እንኳ ሳንለዋወጥ፣ በእጃቸው ወደ አንዱ እንጨት አመለከቱኝ። ሄጄ ያዝኩት። እሳቸው በዱላ ላስቲኩን ከሥር እየገፉ ውሃውን ያፈሳሉ፣ እኔ እንጨቱን ደግፌ ይዣለሁ። አንድ ጊዜ ውሃው በአንገቴ ገብቶ እስከ ጀርባዬ ወረደ። አንድ ሕፃን አይቶኝ ሳቀ።

ዝናቡ ሲያባራ ፎጣ ሰጡኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ አስካለች" አልኩ። "አንብቢልኝ ሲሉኝ ማንበብ ነበረብኝ።"

"አዎ፣ ነበረብሽ።"

"ለሚቀጥለው ዓመት በነፃ መጥቼ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ..."

"የአንዷ ጓደኛችን ልጅ አስተማሪ ሆናለች" አሉ፣ እንደ መልካም ወሬ። "እሷ ትጽፋለች። እኛ እንነግራታለን፣ ትጽፋለች፣ ታነብልናለች። አንቺ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ትደክሚያለሽ።"

በአክብሮት ነው የሸኙኝ። ለልጅሽ ብለው አንድ ፌስታል ማንጎ ሰጡኝ። እስከ መናኸሪያ አብረውኝ ሄዱ፣ ወንበር እስካገኝም ቆሙ። ከቁጣቸው ይልቅ ይሄ ነው ያስለቀሰኝ። መንገዱን ሙሉ የመጪውን ክረምት ዝናብና ያንን ላስቲክ ሳስብ ሶዶ ደረስኩ።

እሑድ፣ ቤት

አዲስ አበባ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው። ኤደን ብርቄ ቤት ምንጣፍ ላይ ሆና ሥዕል ትስል ነበር፤ ማንጎውን ስታይ እኔን ሳትስም ወደ ፌስታሉ ሄደች። ብርቄ "ምንም አላስቸገረችኝም" አለችኝ። ብርቄን አቅፌ ትንሽ ቆየሁ፤ ምን ሆነሻል አለችኝ፣ ደክሞኝ ነው አልኩ።

ልጄ ራት ስትበላ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የድሮ ማመልከቻዎቼን አየሁ። የሸማኔዎቹን፣ የንብ አርቢዎቹን፣ ጉድጓድ የቆፈሩትን ወጣቶች። ተስፋ የቆረጡ። ግንዛቤ የሌላቸው። የሚገደዱ። ሸማኔዎቹ ሲሠሩ ይቀልዱ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ንብ አርቢው ስለ ንብ ሦስት ሰዓት አስተምሮኛል። ከዚያ አንዱም ወረቀቱ ላይ የለም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ስለ ሰው የሚጻፍ ነገር መጀመሪያ ለዚያው ሰው መነበብ እንዳለበት ነው። ለመማር አስራ አንድ ዓመትና የሌላ ሰው ጣሪያ ፈጅቶብኛል።

እነዚያ ሁሉ ገንዘቡን አግኝተዋል። አመስግነውኛልም። የጻፍኩባቸውን ግን አንዳቸውም አልሰሙም፤ ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ ይደውላሉ። የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ ስልኩን እንዴት እንደማነሳላቸው አላውቅም።