ፈታኝ የሌለበት ፈተና

አያቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ በሄድኩበት ክረምት ከቤታቸው በር ላይ የደኅንነት ሰዎች ያዙኝ። ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ ግድግዳው ሽንት ሽንት ይላል፤ ፍራሹ እርጥብ ነው። ወይ ጉድ አልኩ። ሎስ አንጀለስ እያለሁ የኮሌጄ ደንብ አንደኛ ዓመት ሁሉ ዶርም ይደር ስላለ ያማረርኩ ሰው ነኝ።

ወንጀሌ አንድ ፎቶ ነበር። እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ታሳሪዎች ይፈቱ ብለን ሰልፍ ወጥተን ነበር። እኔ ባነር ይዣለሁ፤ ከጎኔ ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ የሳበ ጓደኛዬ ድምፅ ማጉያ ይዟል። የፈለጉት የእሱን ስም ነው። እናቱ አዲስ አበባ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ስሙን ካገኙ በማግስቱ እሳቸውን አስረው እንደሚያመጧቸው አውቃለሁ።

መርማሪው ረጋ ያለ፣ ሽቶ የሚቀባ ሰው ነበር።

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ገና ሜጀር ዲክሌር አላደረግኩም፤ ዋና ትምህርቴን አልመረጥኩም ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ ነው የምንወስደው። ፍልስፍናም፣ ባዮሎጂም።»

«እናትሽ የፈረንጅ ሽማግሌ እያጠበች ለዚህ ነው የምትከፍለው?»

«እሷ አይደለችም። አቅም ለሌለው ኮሌጁ ራሱ ይሸፍናል።»

ሳቀ። «በነፃ የሚያስተምር የለም። ማን ነው የላከሽ?»

እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር ውሸት መሰለ። ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ፈተና ጠየቀኝ። ፈታኝ የለም፤ ወረቀቱን ዶርማችን ወስደን እንሠራለን፤ መጨረሻ ላይ አልኮረጅንም የሚል ቃል ጽፈን እንፈርማለን አልኩት። በጣም ደስ አለው።

«በይ እኔም እንደ አስተማሪዎችሽ ልመንሽ» አለና ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አስቀመጠልኝ። «የልጁን ስም ጻፊ። ማንም አያይሽም።»

ዘግቶብኝ ወጣ። ከጎን ክፍል አንዲት ሴት ትጮኻለች። እዚያ ያስቀመጠኝ እንድሰማ ነው።

ፈራሁ። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ። አይቻቸው ለማላውቃቸው የጓደኛዬ እናት ስል ልሞት ነው እንዴ ብዬ ተናደድኩ፤ በሳቸውም፣ በልጃቸውም። ከዚያ በየፈተናው የምጽፈውን ቃል ጻፍኩ፦ በዚህ ሥራ ለማንም እርዳታ አልሰጠሁም፤ ከማንም አልተቀበልኩም። ፈረምኩበት።

ተመልሶ ቀስ ብሎ አነበበው።

«በየትኛው እጅሽ ነው የጻፍሽው?»

ነገርኩት። ቀኝ እጄን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘኝ።

ለቀውኝ ስመለስ ኮሌጁ ለቀረሁበት ሴሚስተር የሐኪም ወረቀት አምጪ አለኝ፤ ደንብ ነው። ከማን ላምጣ? እስክመረቅ ድረስ ያንን ቃል በግራ እጄ ስፈርም ኖርኩ።

የጓደኛዬ እናት በቅርቡ በልጃቸው በኩል አሜሪካ መጡ። ባለፈው እሑድ ከቸርች ስንወጣ ፌርፋክስ ምሳ በላን።

«ምነው ልጄ፣ በግራሽ ትበያለሽ? አሜሪካ እንዲህ ነው እንዴ የሚያስተምሩት?» አሉኝ።

«የመኪና በር ቀኝ እጄ ላይ ተዘግቶብኝ ነው፣ እትዬ።»

ልጃቸው ስልኩን ያያል። ለእሱም የነገርኩት ይህንኑ ነው።

«እኔን ይድፋኝ፤ በይ ጉረሺ» ብለው ጠቅልለው አፌ ጋ አመጡልኝ። አፌን ከፈትኩ።